ጎርፍ ዕዳን አይወስድም

ለነጋዴ ገንዘብ ማበደር አገርን ከሚያለሙት ሥራዎች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። ይልቁንም እንደ ጅማ ባለ የቡና አገር በመከር ወራት ገንዘብ ከባንክ ካልተገኘ፥ ገበሬው የለቀመውን ቡና ገዝቶ ወደ ገበያ የሚያደርስለት ነጋዴ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ከጅማ ከተማ አንሥቶ እስከ አጋሮና እስከ ሊሙ ገነት ድረስ መጋዘኑን፥ ሱቁን ወይም የቡና መቀሸሪያ መኪናውን አስይዞ የሚበደር ሰው አለ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ያ መያዣ ከውሃ ጉዳት መድን አለውን? ብሎ መጠየቅ የአበዳሪውም የተበዳሪውም ግዴታ መሆን ይገባዋል።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፥ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናም የሚወርድባት ከተማ ናት። የአዌቱ ወንዝ መካከልዋን አቋርጦ፥ በቦዬ ረግረግ በኩል አድርጎ ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በጅሬን ኰረብታ ላይ ተሠርቷል፤ ገበያና መጋዘን ግን መንገድና ሜዳ ስለሚፈልጉ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳሉ። ከተማ ሲሰፋ የቆርቆሮው ጣራና የተነጠፈው መንገድ ዝናሙን ወደ መሬት አያስገባውም፤ ቦዩም በጥራጊ ሲደፈን ውሃው መሄጃ አጥቶ ወደ ሰው ደጅ ይመለሳል።

ወንዙ ትንሽ ነው፥ ከዚህ ቀደምም አልጎዳንም የሚል ሰው ቢኖር፥ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ የሆነውን ያስታውስ። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዘመን ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ የበለጡ ሰዎችን ገደለ፥ ቤትንና ሀብትን ጠርጎ ወሰደ። በዚያው ክረምት ከጅማ ደጋ የሚወርደውን የጊቤን ውሃ የሚቀበለው የኦሞ ወንዝ በደቡብ ሞልቶ ብዙ መቶ ሰዎችን ፈጀ።

በአገራችን ባንኮች፥ ባለዕዳው ያስያዘውን ቤት ኢንሹራንስ እንዲያስገባ፥ ካሣውም አስቀድሞ ለባንኩ እንዲከፈል በውል መጻፍ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ተራው የእሳት መድን በመሠረቱ ስለ እሳትና ስለ መብረቅ የሚዋዋል ነው፤ ጎርፍ የሚገባበት ዐረቦን ተጨምሮ በግልጥ ሲጻፍ ነው። ይህን ሳያነብ የፈረመ ሰው መድን ያለው ይመስለዋል። ውሃው መጋዘኑን በጣለበት ቀን ግን ካሣ የለም፤ ዕዳው ግን ከነወለዱ እንደ ቆመ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ የተያዘለትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይከስ፥ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ ለመሸጥ ይችላል። የፈረሰ ቤት ዋጋው ትንሽ ስለሆነ፥ ቀሪው ዕዳ ከባለዕዳው ሌላ ሀብት ይፈለጋል። ቡናውን በዱቤ የሰጠ ገበሬም ካለ ገንዘቡን የሚያገኝበት መንገድ ይጠፋል።

የቤቱ መድን ብቻም አይበቃም። የደረቀ ቡና እርጥበቱ ከመቶ 12 ያህል ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ሊቀመጥ የሚገባው ስለ ሆነ፥ ውሃ የነካው ይሻግታል፤ ሽታውና ጣዕሙም ይበላሻል፤ እንደ ገና ቢሰጣም ወደ ፊተኛው ክብሩ አይመለስም። እንግዲህ ግድግዳው ሳይወድቅ በውስጡ ያለው ሀብት ሊጠፋ ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን መንገድ ስለ ከፈተ፥ በመጋዘን ያለው ዕቃ ራሱን የቻለ መድን ያስፈልገዋል።

በአሜሪካ ይህ ነገር በሕግ ተወስኗል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1972 አግነስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ብዙ አገር ካጥለቀለቀ በኋላ፥ በ1973 በወጣው ሕግ በጎርፍ ክልል ባለ ቤት ላይ የሚያበድር ባንክ የጎርፍ መድን እንዲጠይቅ ታዘዘ። በቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃም ከቤቱ ጋር ከተያዘ መድኑ ለዕቃውም ይሆናል። ተበዳሪው ስፍራው የጎርፍ ክልል መሆኑ አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ መድኑን ቢያቋርጥ ባንኩ አስታውቆት 45 ቀን ከጠበቀ በኋላ በባለዕዳው ኪሣራ ይገዛለታል።

ዐረቦን ብድርን ያስወድዳል የሚል ሰው ይኖራል፤ ነገሩም እውነት ነው። ስለዚህ በጅሬን ከፍታ ያለው ሰው በአዌቱ ዳር ያለውን ሰው ያህል ሊከፍል አይገባውም። ይህም እንዲለይ የከተማ ሹማምንት ውሃ የሚደርስበትን ስፍራ በካርታ ቢያስታውቁ፥ ባንኮችም በዚያ ክልል ላለው ቤትና ዕቃ የጎርፍን መድን ግዴታ ቢያደርጉ፥ ሸክሙ እንደ ስጋቱ መጠን ይከፈላል። ተበዳሪውም ዐረቦን ለማሳነስ ሲል የሀብቱን ዋጋ አያሳንስ፤ ለምሳሌ 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣውን በ5 ሚሊዮን ብር ያስመዘገበ ሰው፥ የ2 ሚሊዮን ብር ጉዳት ሲደርስበት በመድን ሥራ ልማድ የሚያገኘው 1 ሚሊዮን ብር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሕዝባችን ለክፉ ቀን አስቀድሞ ማዋጣትን በዕድር የለመደ ነው፤ ዕድር ግን ሙት ይቀብራል እንጂ የወደቀ መጋዘን አያነሣም። ስለዚህ ጽሕፈት የሚያውቁ ካህናትና ሹማምንት፥ ጎረቤታቸው ውል ሊፈርም ሲመጣ «ጎርፍ የሚለው ቃል የት አለ?» ብለው ቢጠይቁለት፥ ከብዙ ምክር የበለጠ ረድተውታል። የክረምት ውሃ ባመጣው መንገድ ይሄዳል፤ የተፈረመ ዕዳ ግን ሳይከፈል አይሄድም።