ለደጋ አገር የሚሆን ፕሪንተር

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የመንዝ ልጆች የሆንን ጥቂቶች ገንዘብ አዋጥተን አንድ የቀለም ፕሪንተር ገዛንና በጓሳ አጠገብ ላለ ትምህርት ቤት ወሰድን። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ መኪናው በሣጥኑ ተከቶ ተቀመጠ። መስከረም ላይ ሲከፈት በወረቀቱ ላይ ከፊደሉ ይልቅ ነጭ መሥመር በዛ። መምህሩም ለ60 ተማሪዎች ያዘጋጁትን ፈተና በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ለመጻፍ ተገደዱ። ከኋላ ለተቀመጠውና ዓይኑ ለደከመው ልጅ ፈተናው የትምህርት ሳይሆን የዓይን ፈተና ሆነበት። ጥፋቱ የመኪናው ብቻ አይደለም፤ እኛም ስንገዛ የጠየቅነው ዋጋውን ብቻ ነበር። ሌላው አንባቢ እንደ እኛ እንዳይሆን የተማርነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ኢንክጄት የሚባለው ፕሪንተር ከጠጉር በቀጠኑ ብዙ ቀዳዳዎች ፈሳሽ ቀለም በወረቀት ላይ ይረጫል። በኤችፒና በካኖን ቀለሙ ለቅጽበት ይግልና እንፋሎቱ ጠብታውን ይገፋዋል፤ በኤፕሰን ግን ኤሌክትሪክ ሲነካው ቅርጹን የሚለውጥ ክሪስታል ይገፋዋል። ቀለሙ በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ መኪናው ሥራ ሲፈታ ውሃው ይተንና የቀረው ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የኢንክጄት በሽታ ሁሉ አባቱ ይህ ነው።

ታዲያ ሌዘር ለምን አይገዛም የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሌዘር ዱቄት አይደርቅም። ነገር ግን ሌዘር ዱቄቱን አቅልጦ ከወረቀቱ ጋር ለማጣበቅ ሲግል ብዙ መቶ ዋት ይስባል፤ ለኢንክጄት ግን ሲያትም ከ10 እስከ 20 ዋት ያህል ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። መብራት በሚደክምበት ወይም በሶላር ብቻ በሚሠራበት አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ገዢ የሆነ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ እነዚህን ይጠይቅ።

አንደኛ፥ በወር ስንት ገጽ አትማለሁ? ትንሹ ካርትሬጅ ብዙ ጊዜ ከ120 እስከ 200 ገጽ ብቻ ያትማል። ባለ ጋን የሆነው ግን፥ ለምሳሌ የኤፕሰን 65 ሚሊ ሊትር ጥቁር ቀለም፥ በፋብሪካው ልክ 4,500 ገጽ ይሄዳል። ለ60 ተማሪ አራት አራት ገጽ ፈተና 240 ገጽ ነው። ይህ በካርትሬጅ ቢሆን አንዱን ጨርሶ ሌላውን ያስጀምራል፤ በአንድ ጠርሙስ ግን 18 ጊዜ ይታተማል። መኪናው አዲስ ሲሆን ቱቦውን ለመሙላት የሚጠጣው ቀለም ከዚህ እንደሚቀነስ አይዘንጋ።

ሁለተኛ፥ የማተሚያው ራስ የት ነው? በአንዳንድ ካርትሬጆች ላይ ራሱ አብሮ ስላለ ቢደፈን ካርትሬጁን መለወጥ ይበቃል። ከመኪናው ጋር የተጣበቀ ከሆነ ግን ድፍኑ ካልተከፈተ ጥገናው የመኪናውን ዋጋ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ለሚያትም ሰው ካርትሬጁ ውድ ቢሆንም ይሻለዋል፤ ዘወትር ለሚያትም ግን ጋኑ ይሻለዋል።

ሦስተኛ፥ ጥቁሩ ቀለም ውሃ ይችላል ወይ? ፒግመንት የሚባለው ቀለም ርጥበትን ይቋቋማል፤ ሌላው ይሟሟል። ጉም በማይጠፋበት አገር ለሚሰጥ ማስረጃ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው።

አራተኛ፥ መኪናው ራሱን ሲያጸዳ የሚደፋው ቀለም የሚጠራቀምበት ስፖንጅ ሲሞላ በቤት ይለወጣል ወይስ ጠጋኝ ይፈልጋል? ሲሞላ መኪናው ሥራ ያቆማልና።

ስለ አያያዙም ጥቂት እንጨምር። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አገር ነው፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ብዙዎቹ የቤት ፕሪንተሮች ግን ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው። ስለዚህ ጠዋት ቤቱ ሳይሞቅ አያትሙበት። በመንገድም ባለ ጋኑ አይጋደም። ሲያጠፉት በራሱ ቁልፍ ያጥፉት እንጂ ገመዱን አይንቀሉ፤ ራሱ ወደ ክዳኑ ገብቶ የሚከደነው በቁልፉ ሲጠፋ ነው። መብራት በሥራ መካከል ከሄደም ሲመለስ አብርተው በቁልፉ ያጥፉት። በየሳምንቱም አንድ ባለ ቀለም ገጽ ያትሙ፤ ክረምትም ቢሆን።

የመንዝ አባቶች በቄሮ ሥርዓት የጓሳን ሣር አንዳንድ ጊዜ ሦስትም አምስትም ዓመት ዘግተው ያቆዩት ነበር፤ ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ሣር ሲዘጋ ይለመልማል፤ ፕሪንተር ሲዘጋ ግን ይሞታል። የሆነ ሆኖ ከቄሮ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የጋራ የሆነ ነገር የተመረጠ ጠባቂ ያስፈልገዋል ማለት ነው። እኛ መኪናውን ሰጠን እንጂ ጠባቂውን አልጠየቅንም። ዘንድሮ የምናዋጣው ለሁለተኛ መኪና ሳይሆን ለራሱ መለወጫና በክረምት ቁልፉን ለሚይዘው ሰው ነው።