ከ100 ወደ 99፦ የላፕቶፕን ሙቀት የምትቀንስ ቁጥር

በ2017 የወጣው የኢንቴል ኮር አይ5-8250ዩ ፕሮሰሰር መነሻ ፍጥነቱ 1.6 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሥራ ሲበዛበት፣ ሙቀቱና የኃይል ገደቡ እስከፈቀዱለት ድረስ 3.4 ይደርሳል። ይህን ከመነሻ በላይ መፍጠን ኢንቴል ተርቦ ቡስት ይለዋል፤ ኤኤምዲም የራሱ አለው። ከባድ ፋይል ሲከፈት ጥቅሙ ወዲያው ይታያል፤ ሙቀቱም እንዲሁ።

ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጁም አብሮ ከፍ ማለት አለበት፤ ፕሮሰሰሩ የሚፈጀው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ስሌቱ የሚያስደስተው ወደ ታች ሲወርዱ ነው፦ ፍጥነቱም ቮልቴጁም በ20 በመቶ ቢቀነሱ፣ ለስሌት ሥራው የሚፈጀው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከፍጥነት አንድ አምስተኛውን ሰጥቶ ከሙቀት ግማሹን ማስቀረት ለእኔ ትልቅ ትርፍ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ፓወር ኦፕሽንስ ተብሎ ሲገባ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚል መስመር ይገኛል። ሁለት ቁጥር ይቀበላል፤ አንዱ በባትሪ ሲሠራ፣ ሌላው ቻርጀር ሲሰካ። 100ን 99 ማድረግ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ተርቦውን ጨርሶ ያጠፋዋል። መስመሩ በተደበቀባቸው አዳዲስ ማሽኖች በሴቲንግስ ውስጥ ያለው ፓወር ሞድ ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው ደግሞ ባትሪው የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።

ሙቀት ፕሮሰሰሩን ያቃጥለዋል የሚለው ስጋት ግን የተጋነነ ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸው ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ያም ካልበቃ ማሽኑ ይጠፋል። የሚጎዱት አጠገቡ ያሉት ናቸው። ሊቲየም አዮን ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ በተለይ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ቀኑን ሙሉ ሲግል ከዋለ አቅሙ ቶሎ ይደክማል። ያለ ዕረፍት የሚሽከረከረው ፋን ኩሽኔታው ይበላል። በፕሮሰሰሩና ሙቀቱን በሚቀበለው መዳብ መካከል የተቀባው ቴርማል ፔስትም ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ፋኑም ይበልጥ ይሮጣል።

ስለዚህ የአየር መውጫው በአቧራ ከታፈነ ወይም ላፕቶፑ ፍራሽ ላይ የሚውል ከሆነ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው እሱ ነው። ጽሑፍ ለሚጽፍና ኢንተርኔት ለሚያይ ሰው 99 ይበቃዋል፤ ቪዲዮ የሚያቀናብር ግን ቻርጀር ሲሰካ 100ውን ይተወው፣ በባትሪ ሲሆን ብቻ ይቀንሰው።