የአያታችሁን ዘር በቤተ መጻሕፍት ስትፈልጉ ከስማቸው በፊት አገራቸውን ያዙ

ከቆሰበር (እንጅባራ) ወጥተው አዲስ አበባም ውጭ አገርም የሚኖሩ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «የቅድመ አያቴን ታሪክ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ላገኝ እችላለሁ?» ይቻላል። አገባቡን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

እኛ ዘንድ ከትውልድ ትውልድ የሚሻገር የቤተሰብ ስም የለም። በዚያ ላይ አንዱ ሰው የዓለም ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ ፈረሰኛ ከነበረም «አባ እገሌ» የሚባልበት የፈረስ ስም ይጨመርለታል። ቤተ ክርስቲያን በአንዱ ትጠራዋለች፣ ሰፈሩ በሌላው። ስለዚህ ስም ብቻ ይዛችሁ ብትቀርቡ ባለሙያው የሚይዘው ያጣል። ጎጡን፣ ደብሩን፣ ወረዳውንና በማን ዘመን እንደነበሩ ስትነግሩት ግን የቱን መዝገብ እንደሚያወጣ ያውቃል።

✅ መጀመሪያ ሽማግሌ ጠይቁ

እስከ 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ ጎጃም ውስጥ ርስት የሚጠየቀው እስከ ዋናው አባት ትውልድ ቆጥሮ ነበር። አለን ሆበን ስለ ደጋ ዳሞት ባጠናው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ ቆጠራው በአባትም በእናትም በኩል ይሄዳል። የእናታችሁን ወገን አትዝለሉ። ከአዋጁ ወዲህ ለርስት ብሎ ዘር የሚያስቆጥር ዳኛ ስለሌለ፣ አጥርተው የሚቆጥሩት አዛውንቶች ናቸው። ከሰባቱ ቤት አገው ከየትኛው እንደሆናችሁ ጠይቁ፤ ባንጃ ነው? አንከሻ? ዚገም? በአውኝ የሚናገሩትን በአውኝ ቅዱ።

✅ ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍት

📌 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም (ስድስት ኪሎ፣ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተ)፦ የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን የጎጃም ትውልድ ቆጠራ ጠይቁ። ቆጠራው በየአገሩ ስለሆነ የያዛችሁት የቦታ ስም እዚህ ይጠቅማችኋል።

📌 ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተ)፦ የቆዩ መጻሕፍት፣ ጋዜጦችና የመንግሥት ደብዳቤዎች አሉት። መታወቂያና የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ።

📌 የብራና ፎቶዎች፦ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአገራችን በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አለ። አብዛኛውን ካታሎግ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ተመዝግባችሁ ብዙዎቹን በኢንተርኔት በነፃ ታያላችሁ። ስታገኙ ዋናውን ጽሑፍ ብቻ አትመልከቱ። በወንጌል ብራና መጀመሪያና መጨረሻ ባዶ በቀረው ገጽ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በሌላ እጅ ጽሕፈት፣ የመሬት ሽያጭና ስጦታ ይጻፋል፤ ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋስና ምስክር በስም ይዘረዘራሉ። ባላባት ያልነበረ ተራ ሰው ስሙ በጽሑፍ የሚገኘው በአብዛኛው እዚያ ነው።

መዝገቡና የሽማግሌው ቃል ካልገጠሙ አንዱን ለመጣል አትቸኩሉ። ሁለቱንም ከነምንጫቸው ጻፉ፤ የሁለት ስም ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

የሰበሰባችሁትን ደግሞ ስልካችሁ ላይ ብቻ አታስቀሩት። ማን እንደነገራችሁ፣ የትና መቼ እንደሆነ ጽፋችሁ፣ የተናጋሪውን ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ አንድ ቅጂ ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አቅርቡ። ነገ ከአዊ የተወለደ ልጅ ዘሩን ሲፈልግ አዲስ አበባ ድረስ ከመሄዱ በፊት እዚሁ ቆሰበር የሚጀምርበት ያገኛል።