ከስፒናው አጠገብ ያለችው ትንሽ ጽሑፍ

ባለፈው ዓመት ገና ሊደርስ ሰሞን ከአሜሪካ አንድ ካርቶን መጣልን። ከልብሱና ከጫማው መሐል የተጠቀለለ የገና መብራት ነበረበት። ስምንት ዓመት የሆነው የልጅ ልጄ “እምዬ፣ አሁኑኑ እንሰካው!” ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። ያዘገየን የስፒናው ጥርስ ከሶኬታችን አለመግጠሙ ብቻ ነው። አባቱ ማገናኛ ሊገዛ ወደ ኮላ ድባ ገበያ ወጣና አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጎረቤታችንን ይዞ ተመለሰ። ሰውየው ሽቦውን አገላብጦ አየና “ሲስተር፣ ይህ እኮ 120 ቮልት ነው፤ ብትሰኩት ይቃጠልባችኋል” አለኝ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ደጋግሜ ሳላነብ መርፌ ወግቼ አላውቅም። የመብራቱን ጽሑፍ ግን ማየት እንዳለብኝ እንኳ አላሰብኩም ነበር።

ከስፒናው አጠገብ ወይም ካርቶኑ ላይ የምትገኘው ጽሑፍ ሦስት ነገር ትነግረናለች። ቮልት የኤሌክትሪኩ ግፊት ነው፤ እንደ ደም ግፊት አስቡት። አምፔር በሽቦው ውስጥ የሚፈሰው መጠን ነው። ዋት ደግሞ መብራቱ የሚበላው ኃይል ሲሆን፣ ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ የሚገኝ ነው። በአገራችን ቤት የሚገባው 220 ቮልት፣ በአሜሪካ 120 ነው። የገበያው ማገናኛ የስፒናውን ቅርጽ ያስማማል እንጂ ግፊቱን አይቀንስም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ አትሰኩት። “ኢንፑት 100–240” የሚል ከሆነ ግን ለእኛም ይሆናል።

የድሮዎቹ ትንንሽ አምፖሎች እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር የተሰኩ ናቸው። ሃምሳ አምፖል ግፊቱን ሲካፈለው ለእያንዳንዱ 2.5 ቮልት ገደማ ይደርሰዋል። በእኛ መስመር ላይ ሲሰካ ይህ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ሙቀቱ ደግሞ ከእጥፍ ይበልጣል። አጠገቡ የደረቀ የጥድ ቅርንጫፍና በረዶ እንዲመስል የተበተነ ጥጥ ካለ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

ከዚህም የሚብስ አለ። “አምፖሉ 2.5 ቮልት ብቻ ከሆነ ልጅ ቢነካው ምን ያደርገዋል?” ያለኝ ሰው አለ። አምፖሉ ሲነቀል ክሩ ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ በባዶው ቀዳዳ ሁለት ጫፎች መካከል የሚቆመው ሙሉው 220 ቮልት ነው። የጠፋውን አምፖል ለመቀየር መጀመሪያ ስፒናውን ንቀሉ፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም።

“ብሬከር አለን” ማለትም አያዋጣም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ስለሚበላ ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ብሬከሩም የተቀመጠው ሽቦው እንዳይግል ነው። በሰው ደረት በኩል ቢያልፍ የልብ ምትን ሊያዛባ የሚችለው ግን 30 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው፤ ከምጣዱ አምስት መቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ብሬከሩ አያውቀውም። በዚህ መጠን ፍሳሽ የሚቆርጥ ሌላ ዓይነት ብሬከር ስላለ ባለሙያ ጠይቃችሁ አስገጥሙ። ኤልኢዲ መብራት ዋቱ ትንሽ ነው፣ አይግልም፣ ቆጣሪም አያስሮጥም። ሽቦው ከተላጠ ግን ያው ኮረንቲ ነው።

የበዓል ቤታችን የራሱ ጣጣ አለው። እርጥብ ቄጠማ ጎዝጉዘን ሽቦውን ከሥሩ መደበቅ እንወዳለን፤ አታድርጉት። በረንዳ ላይ የሚሰቀል ደግሞ “አይ ፒ 44” ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይሁን፤ 20 የሚለው ውኃ አይችልም።

ልጅ ኮረንቲ ከያዘው በእጃችሁ አትንኩት፤ እናንተንም ይይዛችኋል። ቆጣሪው ጋ ሮጣችሁ አጥፉ። ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከልጁ አርቁ። ካልተነፈሰ ደረቱን እየተጫናችሁ እርዳታ ጥሩ። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡ። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ጤና ተቋም ይታይ።

ዳዴ የሚል ሕፃን ሽቦ ነክሶ ከንፈሩ ዳር ከተቃጠለ ወላጆች ቅርፊቱን አይተው ዳነ ይላሉ። ቅርፊቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሲወድቅ ከሥሩ ያለው የደም ሥር በኃይል ሊደማ ይችላል፤ ሌሊትም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ከንፈሩን ከውስጥና ከውጭ በንጹሕ ጨርቅ በሁለት ጣት ጫን ብላችሁ ይዛችሁ፣ ሳትለቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።