እከክ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ያዘዝኩለት ወጣት

ዛሬ ከራሴ ስህተት የተማርኩትን ላካፍላችሁ። (ባለታሪኩ ፈቅዶልኛል።)

ደሴ እየኖረ ኮምቦልቻ ግንባታ ላይ የሚሠራ ወጣት ክንዱን፣ አንገቱንና ወገቡን እየበላው መጣ። ቆዳው ላይ ቀያይ ሽፍታ አለ። "ባለቤቴንም ጀምሯታል" አለኝ። ቤተሰብ አብሮ ሲያሳክከው ሐኪም ቶሎ የሚያስበው እከክን ነው፤ በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ በክልላችን እንዴት ተስፋፍቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ለሁለቱም ቢቢኤል አዘዝኩ። ብሶበት ተመለሰ። ደገምኩለት።

በሦስተኛው ሲመጣ ፊቱ ጠቁሯል። "ዶክተር፣ እከክ አለብኝ ስላልኳቸው የሥራ ጓደኞቼ ከአንድ ትሪ አብረውኝ መብላት ትተዋል" አለኝ። ደነገጥኩ። ያኔ ነው መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኩት።

"ሥራህ በትክክል ምንድን ነው? ስታርፍስ ያሳክክሃል?"

"ጣሪያ ላይ ነኝ። ከቆርቆሮው ሥር ቢጫ ጥጥ እናነጥፋለን። እሁድ እሁድማ ይሻለኛል።"

ያ "ቢጫ ጥጥ" ፋይበር ግላስ ነው። ባለቤቱ ደግሞ የሥራ ልብሱን ከራሷ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ስታጥብ ነበር!

ፋይበር ግላስ ምንድን ነው?

ቀልጦ እንደ ቀጭን ክር የተሳበ መስታወት ነው። በክሮቹ መሃል የሚያዘው አየር ሙቀት ቶሎ እንዳያልፍ ይከለክላል። ለኮምቦልቻ የቀን ሙቀትም ሆነ ለደሴ የሌሊት ብርድ ጠቃሚ ነው። ችግሩ ሲቆረጥና ሲነጠፍ ስንጥሩ ይበናል፣ ቆዳ ይወጋል፣ ዓይንና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል። ጀርም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በልብስ ግን ቤት ድረስ ይገባል።

ከእከክ በምን ይለያል?

1. እከክ ሌሊት ይብሳል፤ በጣቶች መሃል፣ በእጅ አንጓና በብልት አካባቢ ይበዛል።
2. የፋይበር ግላስ ማሳከክ ከሥራ ጋር ይመጣል፣ በእረፍት ቀን ይቀንሳል፤ ክንድ፣ አንገትና ልብስ የሚያጠብቅበት ቦታ ላይ ይበዛል።

ከነካችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

1. አትከኩ፣ አትሹ። ስንጥሩ ወደ ውስጥ ይገባል።
2. በሚወርድ ለብ ያለ ውሃና በሳሙና ታጠቡ። የቀረውን ስኮች ለጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱት።
3. ዓይን ውስጥ ከገባ ሳታሹ ለ15 ደቂቃ ያህል በንጹህ ውሃ እጠቡ።
4. የሥራ ልብስ ለብቻው ይታጠብ፤ ሳፋውም በደንብ ይለቅለቅ።
5. ስትሠሩ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ ጓንት፣ መነጽርና ኤን 95 ማስክ አድርጉ። ወለሉን በደረቁ አትጥረጉ፤ አርጥቡት።

ሽፍታው መግል ከያዘ፣ ዓይን መቅላቱን ካልተወ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ጤና ተቋም ሂዱ።

"ካንሰር ያመጣል?"

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ነው። አብሽሩ! የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1988 እ.ኤ.አ. "ሊያመጣ ይችላል" ከሚለው ምድብ አስገብቶት ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲመረምረው ግን ለቤት ሙቀት መከላከያ የሚውለውን ወደ ምድብ 3 አወረደው፤ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ማለት ነው። ካንሰር ማምጣቱ የተረጋገጠው አስቤስቶስ ሌላ ነገር ነው፤ አታምታቷቸው። ቢሆንም ብናኙን መሳብ ሳንባን ስለሚያስቸግር ማስክ አይቅር።

ወጣቱ አሁን የሥራ ልብሱን እዚያው ቀይሮ ይወጣል፣ ለብቻው ያጥባል። የሁለቱም ሽፍታ ጠፍቷል። "እከክ አይደለም፣ አይተላለፍም" የሚል ወረቀት ጽፌለት ለጓደኞቹ አሳይቷል፤ ወደ ትሪው ተመልሷል።

አደራ፦ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ሥራችሁን ንገሩን። ባንጠይቃችሁም ንገሩን።

ግንባታ ላይ የሚሠራ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ሼር አድርጉላቸው።