ጀሪካኑ ለምን መሬት ላይ ይቀመጣል?

ማደያ ውስጥ ቤንዚን ሲቀዳ ጀሪካኑ መኪና ላይ እንዳለ ሳይሆን መሬት ላይ ወርዶ መሞላት አለበት። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ የፕላስቲክ ማበጠሪያ ይበቃችኋል።

ደረቅ ፀጉራችሁን ደጋግማችሁ አበጥሩና ማበጠሪያውን ወደ ቁርጥራጭ ወረቀት አስጠጉት። ወረቀቱ ዘሎ ይለጠፍበታል። አሁን የማበጠሪያውን አንድ ጫፍ በጣታችሁ ነካ አድርጉት። ሌላኛው ጫፍ አሁንም ወረቀት ያነሳል! የብረት ማንኪያ ይዛችሁ በሹራብ ብታሹት ግን ምንም አያነሳም። ለምን?

ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ኤሌክትሮን ያገኘው ኔጌቲቭ፣ ያጣው ደግሞ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይኖረዋል። ስታቲክ ኤሌክትሪክ የምንለው እንዲህ የተጠራቀመውን ቻርጅ ነው። ማንኪያውም ቻርጅ አግኝቷል፤ ግን ብረት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ ቻርጁ በእጃችሁና በሰውነታችሁ በኩል ወደ መሬት ሄዷል። መሬት በጣም ትልቅ ስለሆነች ለእሷ ይሄ ምንም አይደለም። ኧርዝ ማድረግ ማለት ይኸው ነው። ፕላስቲክ ግን ስለማያስተላልፍ ቻርጁ ባረፈበት ይቀራል። ጣታችሁ የሚወስደው የነካውን ቦታ ቻርጅ ብቻ ነው።

ታዲያ ብረት አያሰጋም ማለት ነው? አይደለም። ከመሬት የተነጠለ ብረት እንዲያውም ከፕላስቲክ ሊብስ ይችላል። ቻርጁ ውስጡ እንደ ልቡ ስለሚንቀሳቀስ፣ መውጫ ያገኘ ጊዜ ሁሉም በአንዴ ብልጭ ብሎ ይወጣል።

ወደ ማደያው እንመለስ። ቤንዚን በጎማ ቱቦ ውስጥ ሲፈስ ራሱ ቻርጅ ይፈጥራል። የብረት ጀሪካን ፕላስቲክ በተነጠፈበት ፒካፕ ላይ ሆኖ ከተሞላ ያ ቻርጅ መሄጃ የለውም። የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር በደንብ ሲደባለቅ ደግሞ ከ1 ሚሊጁል ያነሰ ጉልበት ያቀጣጥለዋል። የበር እጀታ ስትነኩ ጣታችሁን ቆንጠጥ የሚያደርጋችሁ ብልጭታ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል! ቦቴ መኪና ነዳጅ ከማራገፉ በፊት በሽቦ ከመሬት ጋር የሚያያዘውም ለዚሁ ነው።

ጀሪካኑ ፕላስቲክ ቢሆንስ? ማበጠሪያውን አስታውሱ፤ ሽቦ ብታስሩበት ሽቦው የነካውን ቦታ ብቻ ነው የሚያራግፈው። ስለዚህ ቻርጁ መጀመሪያውኑ እንዳይበዛ ማድረግ ይሻላል። ጀሪካኑን መሬት ላይ ማስቀመጥ፣ የመቅጃውን ብረት ከጀሪካኑ አፍ ጋር እንደተነካካ ማቆየት፣ ቀስ ብሎ መቅዳት። ቤት ውስጥ ጀሪካን የሚያስሞላ ሰው ካለ ዛሬውኑ ንገሩት።