ሞተር ከመቆሙ በፊት የሚሰጠው ምልክት፦ ከመርከብ የሞተር ክፍል እስከ ጋሸና ጄኔሬተር

ጋሸና ከወልድያ ወደ ወረታ የሚዘልቀው መንገድ ወደ ላሊበላ ከሚወስደው ጋር የሚገናኝባት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3 ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ደጋ የናፍጣ ሞተር ጭነት ያመላልሳል፣ እህል ይፈጫል፣ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተር ያዞራል። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ አካባቢው ከደረሰ በኋላ ላሊበላና ዙሪያዋ ለወራት ያለ መደበኛ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ቆይተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የአንድ ጤና ተቋም ጄኔሬተር ቆመ ማለት የክትባት ማቀዝቀዣው ሞቀ፣ የማዋለጃ ክፍሉም ጨለመ ማለት ነው።

ከጋራዥና ከመለዋወጫ መደብር መራቅ የሚያስከትለውን አደጋ ከማንም በላይ የሚያውቁት መርከበኞች ናቸው። በውቅያኖስ መካከል ሞተሩ የቆመበት መርከብ ለማዕበልና ለነፋስ ይጋለጣል፤ የሚጠራ መካኒክም የለም። ስለዚህ የመርከብ መሐንዲሶች የሞተሩን ሙቀት፣ የዘይት ግፊትና የነዳጅ ፍጆታ በየፈረቃው እየመዘገቡ ብልሽቱን ከመድረሱ በፊት ለማወቅ ይጥራሉ። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር ተያይዞ ቢሾፍቱ ባቦጋያ በተቋቋመው ማሠልጠኛ ለዓለም አቀፍ መርከቦች የሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን የማሪን መሐንዲሶችም ሥራቸው ይኸው ነው። ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉ ስልቶች አንዱ የቁጥጥር ቻርት ይባላል።

ስልቱ እንዴት ይሠራል?

የቁጥጥር ቻርትን የፈጠረው አሜሪካዊው ዋልተር ሹሃርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 የስልክ ዕቃዎችን ጥራት ለመቆጣጠር ያቀረበው ሐሳብ በአንድ ልዩነት ላይ ያተኩራል። ማንኛውም ልኬት ከቀን ወደ ቀን ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ይህ ተፈጥሯዊ ነው። አንዳንዱ ለውጥ ግን የተለየ ምክንያት አለው። ጥበቡ ሁለቱን መለየት ነው።

ለምሳሌ የአንድ ጄኔሬተር የጭስ ሙቀት፣ ሞተሩ ጤነኛ ሳለና በተመሳሳይ ጭነት ሲሠራ ከ20 እስከ 25 ጊዜ ይለካል እንበል። አማካዩ 380 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ልኬቶቹ ከአማካዩ የሚርቁበትን መጠን የሚገልጸው መደበኛ ልይይት ደግሞ 5 ዲግሪ ቢሆን፣ የዚህ ልይይት ሦስት እጥፍ ወደ ላይና ወደ ታች ይወሰዳል። በዚህም የላይኛው ወሰን 395፣ የታችኛው 365 ይሆናል። በወረቀት ላይ ሦስት አግድም መስመሮች ይሰመራሉ፤ የየዕለቱም ልኬት በነጥብ ይመለከታል።

ከወሰን የወጣ አንድ ነጥብ ማስጠንቀቂያ ነው። ይሁንና ሁለተኛው ምልክት ይበልጥ ጠቃሚ ነው፦ ስምንት ተከታታይ ነጥቦች ከአማካዩ በአንድ ወገን መዋላቸው። ልኬቱ 383፣ 386፣ 384፣ 387፣ 385፣ 389፣ 388፣ 390 ቢሆን አንዱም ከወሰን አልወጣም፤ ሆኖም ሞተሩ ተለውጧል። በ450 ዲግሪ እንዲበራ የተሰናዳ ቀይ መብራት ይህን አያይም። እርሱ የሚበራው ጉዳቱ ከገፋ በኋላ ነው።

ወሰኑ ለምን በሦስት እጥፍ ሆነ?

ወሰኑ በአንድ እጥፍ ቢጠብብ ከሦስት ጤነኛ ልኬቶች አንዱ ገደማ በከንቱ ያስደነግጣል፤ ሠራተኛውም ማስጠንቀቂያውን መናቅ ይጀምራል። በሦስት እጥፍ ሲሆን ግን ልኬቶቹ የተለመደውን የስታቲስቲክስ ሥርጭት እስከተከተሉ ድረስ፣ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ በ1 ሺህ ልኬት ወደ ሦስት ጊዜ ይወርዳል። በቀን አንድ ጊዜ ለሚለካ ሰው ይህ በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ነው።

ደጋው የራሱ ወሰን ያስፈልገዋል

በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በቂ ኦክስጅን ስለማያገኝ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ ለቆላ ወይም ለወደብ የወጣ አኃዝ ለጋሸና አይሆንም፤ ወሰኑ እዚያው ከሚሠራው ሞተር መዝገብ መውጣት አለበት። ማነጻጸሩም በተቀራራቢ ጭነት መሆን ይገባዋል፤ ግማሽ ጭነት የተሸከመን ሞተር ከሙሉ ጭነት ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

ቻርቱ ለውጥ መኖሩን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ምክንያቱን የሚያገኘው ባለሙያው ነው፤ ሆኖም የለውጡ ዓይነት መንገድ ይጠቁመዋል። የሁሉም ሲሊንደሮች ሙቀት አብሮ ከጨመረ የአየር ማጣሪያውን ወይም ተርቦውን መፈተሽ ይገባል። የአንዱ ብቻ ከተለየ ኖዝሉ ይጠረጠራል። የማቀዝቀዣው ውኃ ሙቀት ቀስ በቀስ ካደገ ራዲያተሩና የውኃ ፓምፑ ይታያሉ። የዘይት ግፊት እየወረደ ከሄደ ደግሞ የዘይት ማነስ፣ የዘይቱ በነዳጅ መቅጠን ወይም የኩሽኔታ መበላት ሊሆን ይችላል።

በትላልቅ መርከቦች ይህን ስሌት ኮምፒውተር በየደቂቃው ይሠራዋል። ለወፍጮ ቤት ወይም ለጤና ጣቢያ ግን ደብተር፣ ማስመሪያና የእጅ ስልክ ማስሊያ ይበቃል። የጭስ ሙቀት መለኪያ ከሌለ በሰዓት የሚፈጀው ናፍጣ፣ የውኃው ሙቀትና የዘይቱ ግፊት ይመዘገባሉ። ከባድ ጥገና ከተደረገ በኋላ ሞተሩ እንደ አዲስ ስለሚቆጠር ወሰኑ ዳግም ይሰላል።

ጥቅሙ የጊዜ ነው። ስምንተኛውን ነጥብ ያየ ሠራተኛ መለዋወጫ ከወልድያ ወይም ከደሴ የሚያስመጣበት ቀናት ይኖሩታል። የሞተሩን መቆም የሚጠብቅ ግን ያን ጊዜ የሚያጣው ሌሊት፣ መብራት በሌለበትና ታካሚ በተኛበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።